አራት ክሪክ ያልያዘውን ካራቫን ሁለት ብረት ያዘው

ታኅሣሥ 2017 ነው። ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ የነበረበት ሰሞን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ጮኻ ተነሳች። ከራስጌዋ የተንጠለጠለው አምፖል ይወዛወዛል። አልጋው ይንቀሳቀሳል። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በባዶ እግሯ ሦስቱን ደረጃ ወርዳ ግቢው መሃል ቆመች። አማቴም «በስመ አብ!» እያሉ ነጠላቸውን ጎትተው ወጡ።

መሬቱ ግን አልተንቀጠቀጠም። ውሃ ልጠጣ ከአልጋ ወርጄ ወደ ማብሰያው ስሄድ የምንኖርበትን ካራቫን፣ በጎማ ላይ የቆመውን ቤታችንን፣ ያወዛወዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሌሊት አንድ ወር ቀደም ብሎ 32 ሺህ ብር አውጥቼ አራት ማረጋጊያ ክሪክ ገዝቻለሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄን ከገጠምክ በኋላ ንቅንቅ አይልም። እንደ ቤት ነው የምትኖርበት» ብሎኝ ነበር። ያቺ «ንቅንቅ አይልም» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም። ይህን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ካራቫኑን በአጭሩ ላስተዋውቅ። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸን ጥቅምት 2017 ላይ አንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከካምፑ የተሸጠ ካራቫን ገዛን። ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። ግቢው ድሮ ማገዶ ይሸጥበት ስለነበር በሩ ሰፊ ነው፤ እንደ ምንም ገባ።

ዓይነቱ ፊፍዝ ዊል የሚባለው ነው። እንደ ትንሽ ተሳቢ ከመኪናው ጭራ ላይ አይያያዝም። ከፊቱ ስር ወደ ታች የወጣ ኪንግ ፒን የሚባል ወፍራም ብረት አለው። ኪንግ ፒኑ ፒካፑ የጭነት ቦታ ላይ፣ ከኋላው አክስል በላይ በተገጠመ ጠፍጣፋ መያዣ ውስጥ ይገባል። የከባድ መኪና ተሳቢ አያያዝ በሉት። ፒካፑ ለቆት ሲሄድ ፊቱ በሁለት የብረት እግሮች ይቆማል፤ ኋላው በአራት ጎማ። መኝታው ደግሞ ከእግሮቹ አልፎ ወደ ፊት በወጣው ክፍል ላይ ነው። እኛ የምንተኛው ከስሩ ምንም ድጋፍ በሌለው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ቆሞም ይንቀሳቀሳል። ባሌስትራው ይለጠጣል። ጎማው አየር ነው። የፊቱ እግሮች አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባ ስለሆነ በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት አለ። እግሩ በረዘመ ቁጥር ቱቦዎቹ የሚደራረቡበት ክፍል ያጥራል፤ ያኔ ክፍተቱ ይብሳል። ይህን ሁሉ ዛሬ እንደ ቀላል እጽፈዋለሁ። ኅዳር ላይ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት እያቅለሸለሻት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ይወዘውዛታል።

ዕቃውን ፍለጋ መርካቶ ሁለት ቀን ዞርኩ። መጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። «ስታቢላይዘር» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሚያሳዩዋችሁ የፍሪጅ መብራት ማስተካከያ ነው። «የካራቫን ክሪክ» በሉ። ሶማሌ ተራ አንድ ሱቅ ውስጥ አራት መቀስ ክሪክ አገኘሁ። ሲታጠፍ ጠፍጣፋ፣ በቪቴ ሲዞር እንደ መቀስ የሚከፈት። ሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ሁለት ከኋላ፣ ሁለት ወደ መሃል። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ቪቴው ግራሶ ተቀብቶ ያበራል። ዕቃው ራሱ መጥፎ ነው አልልም።

ገጠምኩት። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁትን ጥፋት ማንም እንዳይደግመው እናገራለሁ። ጠበቅ ባደረግኩት ቁጥር የሚጸና መሰለኝና የኋላውን ሁለቱን ጎማው እስኪቀል ድረስ አዞርኳቸው። በማግስቱ በሩ አልዘጋ አለ። ሻንሲው ተጣሞ የበሩን ክፈፍ አዛብቶታል። መልሼ ሳላላው በሩ ተስተካከለ። ማረጋጊያ ክሪክ ቤት አያነሳም። ቤቱ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ መሬት ነክቶ ትንሽ ጫና እስኪይዝ ብቻ ነው የሚዞረው። ማስተካከሉ አስቀድሞ ያልቃል፤ የግራና ቀኙ ከጎማ ስር ጣውላ በማስገባት፣ የፊትና ኋላው በፊት እግሮቹ። ሻጩ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

በትክክል ከገጠምኩት በኋላስ? ኋላው ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉን ተወ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሠርቷል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋው መወዝወዝ ግን እንዳለ ነው። አምፖሉን የሚያወዛውዘው እሱ ነው። ባለቤቴን ሌሊት በባዶ እግሯ ያስወጣት እሱ ነው።

ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ አልደነገጠም። «እንግዲያው ኪንግ ፒኑ ስር የሚቆም ሦስት እግር ጨምርበት» አለኝ። ሌላ 14 ሺህ ብር። ያ ዕቃ መኝታው ስር ድጋፍ ስለሚሆን ጥቅም አለው፤ የፊቱን ወደ ታች መርገብ ይይዛል። የእኔ ችግር ግን ሌላ ነበር። ብዙ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ከዚህ ሰውዬ ጋር በሐሳቤ ተከራክሬያለሁ። ወንድሜ፣ ሰው ቤቱ ሲወዛወዝ ወዴት እንደሚወዛወዝ ትጠይቀዋለህ እንጂ ያለህን ዕቃ አታሸክመውም። ወደ ላይ ነው? ወደ ጎን ነው? ወደ ፊት ነው? ሦስቱም ሦስት በሽታ ናቸው። አንተ ለሦስቱም አንድ ኪኒን ሰጠኸኝ። ነፍሰ ጡር ሚስት እንዳለችኝ ነግሬህ ነበር እኮ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከሰፈር በያጅ ነው። በሥራው ያረጁ ሰው ናቸው። አማቴ ናቸው የላኩልኝ። መጡ፣ ካራቫኑን አንዴ ዞሩት። ምንም አልነኩም። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና ከጎማው ጎን ላይ ጀምረው ከስሩ እስካለው ጣውላ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ከዚያ መሬት ላይ በደረታቸው ተኙ።

«ግባና ተራመድ፣ ልጄ» አሉኝ።

ገባሁ። ከበሩ እስከ መኝታው ሁለቴ ተመላለስኩ። ስወጣ በጣታቸው እያሳዩኝ ነበር። «ና፣ አንተም እየው።» ባለቤቴ ገባች፤ እኔ በተራዬ ተኛሁ። እሷ ስትራመድ ጎማው ላይ ያለው የጠመኔ መስመር ጣውላው ላይ ካለው አንድ ጣት ያህል ይሸሻል። ስትቆም ተመልሶ ይገጥማል። እንደገና ይሸሻል። ታኮ ከፊትም ከኋላም አድርጌ ነበር። ለካ ታኮ ቤቱ ቁልቁል እንዳይሄድ እንጂ በቦታው ላይ ወዲያ ወዲህ እንዳይል አይከለክለውም። በጎማውና በታኮው መሃል ያለችው ቀጭን ክፍተት ትበቃዋለች።

«ጋሼ፣ ታዲያ ክሪኩ?» አልኳቸው።

«ክሪኩ ከላይ ይዞልሃል። ታቹ እየተንከባለለ ምን ያድርግ?»

የሠሩልኝ ነገር በጣም ቀላል ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ ጎማዎች ፊትና ኋላ ሆነው ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። በመሃላቸው የምትገባ፣ ከቱቦላሬ የተሠራች፣ በሁለት ጫፏ የጎማውን ክብ የተከተለ ላሜራ ያላት፣ መሃሏ ላይ በቪቴ የምትለጠጥ ብረት። ዳዶውን ስታጠብቁት አንዱን ጎማ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ትገፋለች። ሁለቱም መዞር አይችሉም። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። ውጭ አገር በፋብሪካ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። ለሁለቱ የከፈልኩት 6 ሺህ ብር ነው።

ጥር 2017 ላይ አስገባናቸው። ባለቤቴ ሻይ በብርጭቆ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በፊት አንድ ሰው ደረጃውን ሲረግጥ ሻዩ ጠርዙን አልፎ ሶፍራው ላይ ይፈስ ነበር። ደረጃውን ረገጥኩ። ገባሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሻዩ ፊት ትንሽ ራደና ቆመ። ባለቤቴ ብርጭቆውን ዝም ብላ ታየው ነበር። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

ያን ሌሊት ሁለታችንም ሳንነቃ አደርን።

ጥቂት ነገሮችን ማወቅ አለባችሁ። የጎማ መቆለፊያው ታኮን አይተካም። ታኮው እንዳለ ይቀመጣል፤ የእኛ ግቢ ደግሞ ተዳፋት ነው። ዳዶውን በእጅ አጥብቃችሁ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ መጨመር ይበቃል። ከዚያ በላይ ጎማውን መጉዳት ነው። ካራቫኑ ከቦታው ከመጎተቱ በፊት መቆለፊያው መውጣት አለበት። በተረፈ በየጊዜው ይላላል። ጥርና የካቲት ላይ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር የጎማ ግፊት በ1 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይቀንሳል። ቀን ያጠበቅኩት ሌሊት ስለሚላላ አሁን የማጠብቀው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ደቂቃ።

ወደ ጎን የሚያጋድለው ግን ገና አልተፈታም ነበር። እሱንም ጋሼ ጨረሱት። ከአንዱ የፊት እግር ታች ተነስቶ በሌላኛው በኩል ወደ ሻንሲው የሚወጣ ሰያፍ ቱቦላሬ፣ ከዚያኛውም እንዲሁ ተሻጋሪ። ሁለት እግርና አንድ ወለል አራት ማዕዘን ናቸው፤ አራት ማዕዘን ሲገፉት ያጋድላል። ሰያፍ ሲገባበት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን ብረቱ ካልታጠፈ አይዛባም። በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ነው ያሰሩልኝ፤ ቤቱ የሚሄድበት ቀን ቢመጣ ይፈታል። 4,500 ብር።

ክረምቱ ደግሞ የክሪኮቹን ጉድ አወጣ። ግቢያችን ቀይ አፈር ነው፤ ሐምሌ ላይ እንደ ሊጥ ሆነ። አንድ ማለዳ ነሐሴ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላው ቀኝ ክሪክ ከስሩ ያለው አፈር ሰጥሞ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቴ ከስሩ ያልፋል። ለስንት ቀን እንደዚያ እንደቆየ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ማናችንም አላወቅንም ነበር። የእግሩ ጠፍጣፋ ብረት 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ነው። ከስሩ 40 በ40 የሆነ ወፍራም ጣውላ ሳደርግ ክብደቱ ሰባት እጥፍ በሚሰፋ መሬት ላይ ተዘረጋ። ከጣውላው ላይ ደግሞ ሞራሌ ደራርቤ ክሪኩ ብዙ ሳይከፈት እንዲደርስ አደረግኩ፤ አጭር ሲሆን ነው የሚጸናው። ከዚያ ወዲህ አልሰጠመም። ጣውላና ሞራሌውን ከአማቴ የድሮ እንጨት ክምር ነው ያወጣሁት፤ ገንዘብ አላወጣሁበትም።

ልጃችን ሚያዝያ ላይ ተወለደች። የምትተኛው እዚያው ፊት ለፊት በወጣው ክፍል ላይ ነው። አማቴ ማታ ማታ ሊያዩዋት ሲመጡ ደረጃውን እንደ ልባቸው ይረግጣሉ። በፊት ቤቱን እንዳያወዛውዙ በር ላይ ቆመው ይጠሩን ነበር።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የጎማ መቆለፊያውን በእጥፍ ዋጋም እገዛዋለሁ። ካራቫን ያለው ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ከመግዛቱ በፊት ጎማው ላይ ጠመኔ ያሰምር። መስመሩ ከሸሸ መቆለፊያ ያሠራ። ካልሸሸ ሌላውን ይመልከት። ሰያፉ ሁለተኛ ነው። ክሪኮቹን በ32 ሺህ መግዛቴ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ሁለቱ ከኋላ ቢኖሩ ይበቃ ነበር፤ ወደ መሃል ያሉትን ሁለቱን መስከረም 2018 እንደገባ ፈታኋቸው፤ ለውጥ የሚባል ነገር አላየሁም።

የፈታኋቸውን ሁለቱን እሸጣለሁ። ግራሶ ቀብቼ በጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ቪቴያቸው ንጹህ ነው፣ ዝገት አልነካቸውም፣ ቡሎንና ዳዶው አብሮ አለ። ሁለቱን በ10 ሺህ። ለሚወስዳቸው ሰው ምን እንደሚይዙና ምን እንደማይዙ እዚያው ካራቫኑ ስር አብረን ጎንበስ ብለን አሳየዋለሁ።