ናሙናው ባለ 3 ሚሊ ነበር

ይህን ስጽፍ ጥፍሬ ሥር የገባው የብረት ብናኝ ገና አልወጣም። አንጀቴ እርር ብሏል። ቃል ሳልመርጥ ከጻፍኩ ይቅር በሉኝ።

ግቢያችሁ ውስጥ የብረት ፐርጎላ፣ ማለትም በምሶሶ የቆመ የጥላ ማረፊያ፣ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ስም መጥራት አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ የብረት ቁራጭ ደርድሯል። ስልኩ ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሥራ ፎቶ ሞልቷል። "ለራሴ ቤት እንደምሠራው ነው የምሠራልዎት" ይላል። ቀጥሎ ደግሞ "ዛሬ ካልያዙት ግን የነገውን የብረት ዋጋ እኔም አላውቀውም" ይላል። አዎ፣ እሱ።

የሚያቃጥለኝ መታለሌ ብቻ አይደለም። ብልጥ ነኝ ባይ መሆኔ ነው። ለዚህ ፐርጎላ ወራት ተዘጋጅቻለሁ። ወረቀት ላይ ስዬ ሰርዣለሁ፣ እንደገና ስያለሁ። 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ አራት ምሶሶ፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ70። የከሰዓት ፀሐይ ከምዕራብ ስለምትመጣ የላይኞቹ ዘንጎች ከሰሜን ወደ ደቡብ እንዲሄዱ አሰብኩ። ጠርዛቸው ቆሞ እንዲገጠም ነው ያዘዝኩት፤ ጠፍጣፋቸው ከተኛ ፀሐይ ዘንበል ስትል በመሃላቸው ሰተት ብላ ትገባለች። መሠረቱን ቆሜ ነው ያስቆፈርኩት። 40 በ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም። ኮንክሪቱ ከአፈሩ ከፍ ብሎ እንዲወጣ አደረግሁ፤ እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ብረት ከሥሩ ነው የሚበላው። ቡጋንቪላው የሚተከልበት ቦታ ሳይቀር ተለክቷል። ባለቤቴ "ቤቱን ስንሠራ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም" ብላ ስቃብኛለች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩ ሰው አንድ ነገር አልጻፍኩም። ሚሊውን፤ የብረቱን ውፍረት።

በቃል ተነጋግረናል። ምሶሶውም አግዳሚውም 100 በ100 ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ባለ 3 ሚሊ። ሰውየው ከጠረጴዛው ላይ ስንዝር የምታህል ቁራጭ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከበደኝ። "ይውሰዷት ጋሼ፣ ለባለቤትዎም ያሳዩ" አለኝ። ወሰድኩ። ኪሴን ቀድዳ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ውሉ ላይ ግን የተጻፈው "ጥራቱን የጠበቀ ወፍራም ቱቦላሬ" ነው። ወፍራም! ከምን የወፈረ? ከወረቀት? አነበብኩት፣ ፈረምኩበት፣ 70 በመቶ ቀብድ ከፈልኩ። መነጽሬን አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ማመካኛ የለኝም።

ብረቱ የመጣ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሳስታውሰው አሁንም ፊቴን እሸፍናለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ ሁለት ምሶሶ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ በበሩ ገባ። እያፏጨ። እኔ ምን አልኩ? "አቤት ጉልበት! ተባረክ!" አልኩት። ውሃ ሁሉ አመጣሁለት። ዛሬ ሒሳቡን ሠራሁት። የዚያ ቁመት ምሶሶ ባለ 3 ሚሊ ቢሆን አንዱ ብቻ 25 ኪሎ ገደማ ነው። ልጁ ተሸክሞ ያፏጨባቸው ሁለቱ ተደምረው የአንዱን ያህል እንኳ አይመዝኑም ነበር። እውነቱ በትከሻ ተጭኖ ፊቴ አለፈ፣ እኔ መረቅሁት።

ሁለት ቀን በየዱ፣ ጫፍ ጫፉን አፈኑ፣ ቀለም ቀቡ። የሚያምር ነገር ሆነ። ቀሪውን 30 በመቶ ቆሜ ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ። ቡጋንቪላው የሚወጣበትን ሽቦ ልወጥር ፈለግሁ። ለዚያ ምሶሶው ላይ መንጠቆ ያስፈልጋል። ድሪሉን አወጣሁ፣ ባለ 5 ሚሊ መብሻ አስገባሁ። ወፍራም ብረት የበሳ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ይንሸራተታል። ከዚያ ይነክሳል። ክብደትህን ትጥልበታለህ፣ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ጊዜ ይወስዳል። እንዳይንሸራተት ብዬ ሚስማር አስቀምጬ በመዶሻ መታ አደረግሁት። ብረቱ ጎደጎደ። እንደ ዘይት ጣሳ! "ቀለሙ ይሆናል" አልኩ። ዓይኔ እያየ ጠበቃ ቆምኩላቸው። ድሪሉን ገና ደገፍ ሳደርገው ጡስ ብሎ ገባ። ክብደቴን ጥዬበት ስለነበር እኔም ተከትዬው ሄድኩና ግንባሬ ከምሶሶው ጋር ተላተመ።

ክው አልኩ። ድሪሉ እጄ ላይ እየዞረ ቀዳዳውን ሳየው ቆየሁ። ጠርዙ ስስ ነው፤ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቤት ገባሁና ናሙናዋን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳሁ። ደረሰኞቼ በነፋስ እንዳይበተኑ እሷን ነበር የማስቀምጥባቸው። አምጥቼ ከቀዳዳው አጠገብ ያዝኳት። ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያው፣ አላስፈለገኝም።

ካሊፐሩ ግን መጣ። ጎረቤቴ መካኒክ ነው፤ ጠርቼው ከምሶሶው አናት ላይ የተበየደችውን ክዳን በግራይንደር አነሳናት። ክዳኗ ስትወድቅ አብሮ ነጭ ነገር ተፈረፈረ። ብየዳ የመሰለኝ ግማሹ ስቱኮ ነው! ስስ ብረት ላይ ብዙ ከበየዱ ይቃጠልና ይበሳል፤ ስለዚህ እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ አድርገው፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልተው ቀቡት። ጎረቤቴ ለካ። 1.4 ሚሊ። ከነቀለሙ። ለአፍታ ዝም አለና "ልጆቹ እዚህ ላይ እንዳይንጠለጠሉ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ናሙናዋን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ "ማንን ነው?" አለችኝ። ብር ይዤ የመጣሁ ቀን ወንበር የሳበችልኝ እሷ ናት። ሰውየው ወጣ። ስገዛ "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነበርኩ። ዛሬ "ወንድም" እና "አንተ" ሆኛለሁ። ውሉን አየው፣ መለሰልኝ። "ወፍራም ነው የሚለው። ቀጭን የሚል ቦታ ካለ አሳየኝ።" ናሙናዋን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረግኋት። "ይቺስ?" አልኩት። "እሷ ናሙና ናት።" እኮ የምን ናሙና? ከውስጥ በያጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ወርቅ መሰለው እንዴ በሚሊ የሚለካው!" አለ። ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ አሁንም ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው።

ላለመጮህ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ይኸው እስካሁን ይቆጨኛል። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው መልስ የመጣልኝ፤ የኔ መልስ ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ነው የሚመጣው።

ምን ታደርጉ? ሚሊውን ውሉ ላይ በቁጥር አስጽፉ፤ ለምሶሶ፣ ለአግዳሚ፣ ለዘንግ ለየብቻው። ብረቱ ሲመጣ ሳይታፈንና ሳይቀባ ጫፉን በካሊፐር ለኩ፤ ካሊፐር ከሌላችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ብየዳውን ስቱኮም ቀለምም ሳይነካው እዩት። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በፊት አትልቀቁ። አንድ ልጅ ሁለት ምሶሶ ተሸክሞ እያፏጨ ከገባ ደግሞ አትመርቁት።

የኔን ምን እንደማደርገው ገና አላወቅሁም። ጎረቤቴ አራቱን ምሶሶ ቀይረን መሠረቱን እንዳለ እንጠቀምበት ይላል። ባለቤቴ ቡጋንቪላው ከፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ ሊደርቅ ነው ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንድ ነገር ረስቼ። ከሱቁ ስወጣ ሰውየው ከኋላዬ ጠራኝ። ልቡ ራራ መሰለኝ፤ ዞርኩ። እጁን ዘርግቷል። "ናሙናዋን ትተሃት ሂድ፤ ለሌላ ደንበኛ እንፈልጋታለን" አለኝ።

አልሰጠሁትም። መስኮቱ ደፍ ላይ ናት፣ ደረሰኞቹ ላይ።