ስሙን እንዳልጽፍ ያስማለኝ ልጅ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች! ሰላም በውጭ ያላችሁ ወገኖቼ!

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ላመሰግነው የፈለግሁት ልጅ ስሙንም፣ ሱቁንም፣ ስልኩንም እንዳልጽፍ በገብርኤል አስምሎኛል። ሥራው የሰው ስም ከኢንተርኔት ላይ ማስነሳት ስለሆነ የራሱን ስም በየሜዳው እንድበትንበት አይፈልግም። መሐላዬን አላፈርስም። ግን እንዲህ ያለ ውለታ ውሎልኝ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ጡሩ አያስቀምጠኝም። ስለዚህ ስም የሌለው ምስጋና አንብቡልኝ፤ እሱን የምታገኙበትን መንገድ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ 16 ዓመት አረጋውያን ስጦር ኖሬ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ወደ ሀገሬ ገባሁ። ልጄ እዚያው ቀረች። ቀን ትማራለች፣ ማታ ካፌ ትሠራለች። አንድ ደንበኛ ደረቷ ላይ የለጠፈችውን ስም አነበበ። የእኛ ስም ደግሞ እዚያ አገር ብርቅ ነው። ጆን ስሚዝን የሚፈልግ ሰው ሺህ ጆን ስሚዝ ይወጣበታል፤ የሐበሻ ልጅ ስም ከከተማው ጋር ሲጻፍ ግን አንዲት ልጅ ብቻ ናት የምትወጣው። ሰውዬው ሰው ማፈላለጊያ ከሚባሉት ድረ ገጾች በአንዱ ላይ ስሟን ሲጽፍ ዕድሜዋ፣ የአፓርታማዋ አድራሻ ከነበር ቁጥሩ፣ ስልኳ፣ የዘመዶቿ ስም ተዘርግፎ መጣለት። ከዚያ አበባ ይዞ በሯ ላይ ቆመ። አልከፈተችለትም። በሳምንቱ በበሩ ሥር ወረቀት ከተተ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከእህቴ ልጅ አፍ። ለፖሊስ አመልክታ ቃሏን ተቀብለዋታል። ለእኔ ያልነገረችኝ ደም ግፊቴን ፈርታ ነው። ደም ግፊቴማ የዚያን ዕለት የት ደርሶ እንደነበር እኔና የጤና ጣቢያዋ ነርስ ብቻ ነን የምናውቀው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። ስም አልጠራም፣ ግን ትንሽ ልተንፍስ።

መጀመሪያ የሄድኩት "ዲቪ እንሞላለን፣ ፓስፖርት እናሳድሳለን" የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ቤት ነው። ልጁ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ "ቀላል ነው" አለ። 4,000 ብር ተቀበለኝ፣ ፓስፖርቴን ስካን አደረገ፣ የሆነ ፎርም ላይ ለጠፈው፣ "በ48 ሰዓት ይጠፋል" ብሎ አሰናበተኝ። ምንም አልጠፋም። ተመልሼ ስሄድ "ኔትወርክ ነው" አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ኔትወርክ! አጠገቡ የተቀመጠው ጎረምሳ ደግሞ "ማዘር፣ ስምዎ በጎግል መውጣቱማ ዝና ነው" ብሎ ሳቀብኝ። የዚያን ቀን በባጃጅ ስመለስ እያለቀስኩ ነበር፤ ሾፌሩ ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሎት ሂሳብ ቀነሰልኝ።

ቀጥሎ በቴሌግራም "ሀከር ነኝ፣ ድረ ገጹን ሰብሬ ገብቼ አጠፋዋለሁ" የሚል ሰው ተገኘ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ቅድሚያ 7,500 ብር በሞባይል ላክሁለት። ገንዘቡ እንደደረሰው ፎቶውም ጠፋ፣ አካውንቱም ጠፋ። ማጥፋት መቻሉን በዚያ አረጋገጠልኝ።

ሦስተኛው እዚያው አሜሪካ ያለ፣ በየወሩ ዶላር እየቆረጠ "እናጠፋልዎታለን" የሚል ነበር። ልጄ ከፈለች። አረንጓዴ ምልክት የበዛበት ሪፖርት በኢሜይል ይመጣል፤ ገጹን ስንከፍተው ቁጭ ብሏል። ለአረንጓዴ ምልክት ከሆነ የምንከፍለው እኔም መሳል እችላለሁ።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ የዕድራችን ጸሐፊ፣ ስልካቸውን የሚጠግንላቸው ልጅ ጋ ይዘውኝ ሄዱ። ሱቁ አንድ ሰው ከነወንበሩ የሚሞላው ነው። ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ቆምኩ። በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ድረ ገጽ አልነበረም።

"ልጅዎ አሁን የምታድረው ብቻዋን ነው?"

አዎ አልኩት።

"ዛሬውኑ ይደውሉላትና ጓደኛዋ ጋ ትደር። ይሄ ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ስለ ብር ነው የጠየቀኝ። ስለ ልጄ የጠየቀኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ያለችውን አንዲት ወንበር ሰጠኝና እሱ ቆሞ ቀረ።

ቀጥሎ "የእርስዎስ ስም?" አለኝ። የእኔ ምን ይሠራል፣ እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ማንም አይፈልገኝም አልኩት። ዝም ብሎ ጻፈው። ስሜ ወጣ፣ ዕድሜዬ ወጣ (ሁለት ዓመት ጨምረውብኛል፣ እግዜር ይይላቸው)፣ ከእሱ ሥር "ዘመድ ሊሆኑ የሚችሉ" ይልና የልጄ ስም አለ። ሲነካው አዲሱ አድራሻዋ ተከፈተ። ከሰውዬው ሸሽታ የተዛወረችበት ቤት! እኔ በአባቴ ስም፣ እሷ በአባቷ ስም የምንጠራ ሆነን እንዴት አወቁን? "አንድ አድራሻ ላይ አብራችሁ ስለኖራችሁ ነው፤ ማሽኑ የሚያዛምደው በቤት ነው" አለኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የልጄን ገጽ ብቻ ነበር የሚነካካው። የእኔ ገጽ ለሁለት ወር በሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ልጄ ጋ የሚያደርሰው መንገድ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን ስረዳ እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጁም አይቶ ከጎን ካለችው ልጅ ሻይ አዘዘልኝ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። አዲስ ኢሜይል መክፈት ነበረብን፤ የድሮውን ለእነዚያ ሰዎች መስጠት የለብንም ብሎ። የይለፍ ቃል ጻፊ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ይጻፉ። ሲጨርሱ ይንገሩኝ፤ ለእኔም እንዳይነግሩኝ።" እኔ ደግሞ አንድ ፊደል ለማግኘት አንድ ደቂቃ የምፈጅ ሰው ነኝ። ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ተሳሳትኩ። ደንበኛ መጥቶ ቆመ፣ ልጁ ግን ከግድግዳው አልዞረም። እዚያ የተሰቀለውን የስልክ ሽፋን ሲቆጥር አሥር ደቂቃ ያህል ቆመ። ያኛው ቤት ፓስፖርቴን ያለ ፈቃዴ ኢንተርኔት ላይ ዘርግቶታል፤ ይሄ ልጅ አራት ግድግዳ ውስጥ ሆኖ እንኳ አላየብኝም። እናቱ ብፅዕት ናት፤ ማን እንዳሳደገው አሁን አውቃለሁ፣ ቡና ይዤላት ሄጃለሁ።

እንዴት እንደሠራው አትጠይቁኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። እዚያ አገር የሰው አድራሻ መሸጥ ሕጋዊ ንግድ ነው። ከቤት ውል መዝገብ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ ከየሱቁ የደንበኞች ዝርዝር ለቅመው ያከማቹታል። የግል መረጃን ለመላ አገሪቱ የሚጠብቅ አንድ ሕግ የላቸውም፤ እንደየክፍለ ግዛቱ ነው። ድረ ገጾቹ ግን አብዛኞቹ "አውጡኝ" የሚባልበት ቦታ አላቸው፣ ያውም በነጻ! ታች ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል። ገጹን ፈልጎ፣ አድራሻውን ገልብጦ፣ እዚያ ቦታ ላይ አስገብቶ፣ በኢሜይል የሚመጣውን ማረጋገጫ መንካት ነው። አንዳንዱ በአሜሪካ ስልክ ደውሎ ኮድ ይሰጣል። መታወቂያ የሚጠይቅ ካለ ፎቶውንና ቁጥሩን ሸፍኖ ብቻ ነው የሚላከው። እኔ ለነጻ ነገር 11,500 ብር ከፍያለሁ።

ልጄ እዚያ ስትነቃ እዚህ ይመሻል። ሦስት ማታ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ እሷ በቴሌግራም ቪዲዮ፣ እኔና ልጁ ሱቁ ውስጥ ሆነን አንድ በአንድ ሄድንበት። በሁለተኛው ማታ መብራት ጠፋ፤ ልጁ ከስልኩ ኢንተርኔት ሰጥቶን በላፕቶፑ ባትሪ ጨረስን። ጎግል ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣ፣ አድራሻና ስልክ ከፍለጋው ውጤት ላይ እንዲነሳ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። እሱንም በልጄ ስልክ አስሞላት። "ይሄ መንገዱ ላይ ያለውን ታፔላ ነው የሚነቅለው፤ ቤቱ ግን እንዳለ ነው" ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀን።

ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ሌላም አለ። በ2023 በወጣ ሕግ መሠረት ነዋሪ የሆነ ሰው በአንድ ጥያቄ ብቻ የተመዘገቡትን የመረጃ ነጋዴዎች በሙሉ "ሰርዙኝ" የሚልበት የመንግሥት ገጽ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ተከፍቷል። ነጋዴዎቹ ጥያቄውን የማስተናገድ ግዴታ የሚጀምርባቸው ከኦገስት 1 ቀን 2026 ነው። ልጄ ሞልታለች። እናንተም ሙሉ። የመንግሥት የሕዝብ መዝገብ ላይ ያለውን ግን አይነካም።

በየወሩ የሚከፈለውን ነገር ስጠይቀው "ማዘር፣ ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባል የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 አወዳድሮታል። በእጅ የተጠየቀው 70 በመቶ ያህል ሲነሳ፣ ከሚከፈልባቸው ድርጅቶች መሀል 6 በመቶውን ብቻ ያስነሱም ነበሩ" አለኝ። በማግስቱ አስቆረጥነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሠርቶ ስንት ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? 1,500 ብር። እሱም ለእኔ ገጽ ነው። ለልጄ ገጽ አልቀበልም አለ፤ "እህቴ ናት" ብሎ። በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፣ መልሶ ፌስታሌ ውስጥ ከቶት ኖሮ ቤት ገብቼ አገኘሁት።

ሌላም ነገር አደረገልኝ። ፓስፖርቴን ስካን ያደረገውን ቤት ስነግረው "ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይኖራል፣ ሄደን እናስጠፋው" አለ። ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ሄደ። እውነትም ዴስክቶፑ ላይ የእኔ ፓስፖርት ከማላውቃቸው ሰዎች መታወቂያ ጋር ተደርድሯል። የዚያ ቤት ልጅ ሊቆጣ ሲል የእኔው ልጅ ድምፁን ሳያነሳ "የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ታውቀዋለህ?" አለው። አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የራሳችን ሕግ ነው፣ ሰው መረጃዬን ሰርዝልኝ የማለት መብት አለው፣ አቤቱታውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዓይኔ እያየ ተሰረዘ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቱም ተደፋ። "ዝና ነው" ያለኝ ጎረምሳ በዚያ ቀን አልሳቀም።

ከ31 ገጽ 26ቱ ተነስተዋል። የቀሩትን አምስቱን ገና እየጠየቅን ነው። ልጁ ሁሉም ጠፍቷል ብሎ አልዋሸኝም፤ "ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ ነጋዴ ናቸው፣ በየጊዜው አዲስ ይገዛሉ" ብሎ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ የገጾቹን ስም በአማርኛ ጻፈልኝ፣ ከጎኑ ቀን የሚሞላበት መስመር አሰመረልኝ። በየወሩ በ19 ገብርኤልን ተሳልሜ ስመለስ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አያለሁ። ባለፈው ወር አንዱ ተመልሶ መጥቶ አገኘሁት፣ ራሴ ሞልቼ አስነሳሁት። ራሴ! ልጄ ስነግራት በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ያ ሰውዬም ወደ ተዛወረችበት ቤት እስካሁን አልመጣም።

ልጄ ሆይ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርህ፣ እጅህ ይባረክ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

እና ወገኖቼ፣ ውጭ ልጅ ያላችሁ፣ እህት ያላችሁ፣ ኖራችሁ የተመለሳችሁ፣ "እኔን ማን ይፈልገኛል" አትበሉ። የራሳችሁን ስም ጭምር ጻፉና እዩ። ካቃታችሁ ወደዚህ ልጅ ኑ፤ ኑ ብያለሁ! በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኔው ራሴ ይዤያችሁ እሄዳለሁ። እዚህ ሥር ግን የልጆቻችሁን ስም፣ ስልክና አድራሻ እንዳትጽፉ። ትናንት አንዲት እህቴ ጽፋ አጠፋሁት፤ እንዳትቀየሚኝ።