ውሻ ወይስ ፈረስ? የኪዮዋዎች የጓዝ ጉዳይ

ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ኪዮዋዎች በዛሬዋ የአሜሪካ ግዛት ሞንታና አካባቢ ሲኖሩ ጓዛቸውን የሚጎትተው ውሻ ነበር። ወደ ደቡብ ሜዳ ሲወርዱ ፈረስ ተካው። የቱ ይሻላል?

ወጪ፦ ለውሻ የሥጋ ትራፊ ይበቃዋል። ፈረስ ሣርና ውሃ ይፈልጋል፤ ሣሩ ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ይነሳል።

ጉልበት፦ እዚህ ላይ ውድድር የለም። ውሻ ብዙ ስለማይጎትት ድንኳኑም ትንሽ ነበር፤ ፈረስ ሲመጣ ግን ከጎሽ ቆዳ የሚሰፋው ድንኳን (ቲፒ) ተለቀ፣ አደኑም በግልቢያ ሆነ፣ ሩቅ አገር መሄድም ቀለለ።

ስጋት፦ ፈረስ ይዘረፋል። ከዚህም የከፋ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የአሜሪካ ጦር በቴክሳስ ፓሎ ዱሮ ሸለቆ ከ1,000 በላይ ፈረሶች ማርኮ ረሸነ፣ የኪዮዋ፣ የኮማንቼና የሸየን ሕዝቦች ብርዱ በመጣበት ሰዓት ያለ ፈረስ ቀሩ። በጣም ያሳዝናል።

ለትንሽ ሰፈርና ለቀላል ጓዝ ውሻ ይበቃል። የጎሽ መንጋ ለሚከተል ግን ፈረስ ነው።