ሰርቪስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ቦነስ አለ

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔ እኛ ሰፈር፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የገባሁት ግን ቆይቼ፣ መስከረም 2016 ነው፤ ጥር 2017 ወጣሁ። ፋብሪካው ፓርኩ ውስጥ ይሁን ውጭ አልናገርም፣ ስሙንም አልጠራም፤ እዚያ የቀሩ ጓደኞች አሉኝ። ለመግባት ያሰባችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ግቡ።

ሐቁን ላስቀድም፤ አልዋሹንም። የፋብሪካው ሰዎች ቀበሌ መጥተው ሲመዘግቡን «ሰርቪስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ሰዓት ለሚያከብር 400 ብር ቦነስ አለ» አሉ። ሁሉም አለ። እማ እንኳ «አብሽሪ ልጄ፣ ምሳና መኪናውን ከቻሉሽ ምን ጎደለሽ» ብላ መርቃ ነው የላከችኝ።

ደመወዜ 2,200 ብር ነበር። 7 በመቶ ጡረታ 154 ብር፣ ግብር 187 ብር ከ50 ሲነሳለት እጄ የሚገባው 1,858 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ለምን አነሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ 400 ብር እንዲህ ላለ ሰው ጉርሻ እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራይ ድርሻዬ እሷ ነበረች።

ቦነሱ የሚገኘው በወር ውስጥ አንድም ቀን ካላረፈዱ ነው። መግቢያ 1 ሰዓት፣ በአሻራ። አንድ ደቂቃ ካለፈ የወሩ በሙሉ ይቀራል። ሰርቪሱ ከደሴ ፒያሳ 12 ሰዓት ይነሳል ይባላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል፤ ክረምት ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው የሚሄድ፣ የጫነ ሲኖትራክ ኩርባው ላይ ከቆመ ደግሞ አለቀ። ነሐሴ ላይ አንድ ማክሰኞ ይኸው ሆነ። 1 ሰዓት ከ22 ላይ አሻራ ነካን። መኪናው ውስጥ የነበርን አርባ ምናምን ሰው በሙሉ፣ ከሹፌሩ በቀር፣ ቦነሳችን ቀረ።

ባልደረቦቼ አፈኛ ናት ብለው እኔን ቢሮ ላኩኝ።

«እህቴ፣ የመጣነው እኮ በእናንተው መኪና ነው» አልኳት ቢሮ ያገኘኋትን።

«ሰዓት ማክበር የሠራተኛው ግዴታ ነው። ሰርቪስ ድጋፍ ነው፤ ውልሽ ላይ አለ?»

ውሌን አውጥቼ አየሁ። እውነቷን ነው፣ የለም። ምሳም የለም። ቦነስ አንድ መስመር አለች፦ «እንደ ድርጅቱ ውሳኔ»። ስፈርም ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ሃያ ልጅ ተሰልፎ እየገፋ ማን ያነባል።

ከዚያ ወዲያ ጉም በጣለ ቀን ሰርቪሱን ትተን በራሳችን ወጪ በሚኒባስ መውረድ ጀመርን፣ ለአንድ ጉዞ 40 ብር። አሥር ቀን ከወረዱ ቦነሱ ተበላ። ይህን ያሰላነው ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ ነበር፤ ሳቅ ገደለን።

ምሳው ሽሮ ነው፤ መጥፎ አይደለም። የምሳ ሰዓት 30 ደቂቃ ሆኖ ሰልፉ 20 ደቂቃ ይበላል እንጂ። ሽንት ቤት ደግሞ በካርድ ነው። እኛ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ ለ38 ሰው ሁለት ካርድ ነበር፤ የሄደችው ሳትመለስ ሌላዋ አትነሳም። የወር አበባ ሲመጣ ይህ ምን እንደሆነ ለሴት አልነግርም።

ትርፍ ሰዓትም ይከፈላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይላል፤ 2,200ን ለ208 ሰዓት አካፍዬ ሳባዛው ለሰዓት 15 ብር ከ87 መጣልኝ፣ የከፈሉኝም ልክ ነው። ታርጌት ሳንሞላ ቀርተን የምንቆየው ግን «ማካካሻ» ይባላል እንጂ ትርፍ ሰዓት አይባልም። ማካካሻ አይከፈልም። እኔ ኮሌታ ነበር የምሰፋው፤ ታርጌቱ በሰዓት 60፣ ክር ሲበጠስም መብራት ሲጠፋም ያው 60።

ደመወዝ አንድም ወር አልዘገየም። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ያስተማረችን አሠልጣኝ ደግሞ ወርቅ ሰው ናት፤ ዛሬ ደሴ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሬ የምበላው በእሷ ትምህርት ነው። ለፋብሪካው ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ለደመወዙ፣ አንዱ ለእሷ። ሙያ ፈልጎ ስድስት ወር ለሚቆይ ሰው ይሆናል። ቤተሰብ አስተዳድርበታለሁ ላለ ግን አይሆንም። ከመፈረማችሁ በፊት ሰርቪሱና ምሳው ውሉ ላይ ይጻፍልን በሉ፣ ሰርቪሱ ሲያረፍድ ቦነሱ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። የኋላው ቢገፋም ይግፋ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ለመቀበል ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ በሚኒባስ። ሰርቪሱ ባዶ ወንበር ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ፣ ስሜን የሚያውቀው ሰውዬ፣ «የለቀቀ አይሳፈርም ተብለናል» አለኝ።