ለቡቲክ መብራት፦ ሃሎጅን ወይስ ኤልኢዲ?

ውድ ቦርሳና ጫማ በሚሸጥበት ሱቅ የዕቃው ግማሽ ውበት መብራቱ ነው። ሃሎጅን በዚህ አይታማም። የቀለም ማሳያ መለኪያው፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ 100 ገደማ ነው፤ ቀይ ቆዳ ቀይ ሆኖ ይታያል። ግን አንዱ ስፖት 50 ዋት ይበላል፣ አብዛኛውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ኤሲ ይከፈታል። ቆጣሪው ሁለቴ ሮጠ ማለት ነው!

ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን በ7 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው። ችግሩ ርካሹ ኤልኢዲ ነው፤ ወርቁን ነሐስ፣ የሰውን ፊት የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ ዋቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ 90 ወይም ከዚያ በላይ መጻፉን እዩ። መለኪያ ክፍሉ መስታወት ላይ ያለው 95 ቢሆን ይመረጣል፤ ደንበኛዋ ልግዛ አልግዛ የምትለው እዚያ ነው።