ገርጂ ያለው ጋራዥ፦ ቪትዜን ሁለት ዓመት ካመላለስኩበት በኋላ

ይሄን ለመጻፍ ሳስብ ከረምኩ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ጭንቀቱ አንድ ነው፣ ማን ጋ ላሰራ ነው ነገሩ። እኔም ስንት ዓመት የተንገበገብኩበት ነው። አሁን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ገብቼ ወጥቼ ያየሁት ጋራዥ አለ፣ የወደድኩትንም ያልጣመኝንም ልንገራችሁ። ቦታው ገርጂ መብራት ሃይል አካባቢ ውስጥ ለውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ በፈረንጅ 2007 ስሪት፣ ባለ ሶስት ፒስተን፣ አንድ ሺ ሲሲ እንኳን የማትሞላ፣ ግን ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናቴን ሆስፒታል የምታመላልስ፣ እሷ ከቆመች ቤታችን ይቆማል። 2016 መስከረም ላይ ከሽሮ ሜዳ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የሙቀት መብራት ቦግ አለብኝ፣ ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍት ውሃው እየተንፈቀፈቀ በሪዘርቩ በኩል ይወጣል። አስበርጄ ውሃ ሞልቼ ወረድኩ። ከዛ በኋላ በቃ ልማድ ሆነ፣ ሃይላንድ ውሃ ወንበር ስር ይዤ መዞር፣ በየሶስት ቀኑ መሙላት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ውሃው አረፋ ሲሰራ አየና "ቴስታታው ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት" አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደሞ ከስሩ ያለው ማሸጊያ)፣ 32 ሺ ብር፣ ብረት የሚያስተካክለው ቶርኖ ቤት የሚከፈለውን ሳይጨምር። እንዴት አወቅክ ስለው "እህቴ፣ ልምድ ነው፣ አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ" ብሎ ሳቀ። እውነት ነው አላውቅም፣ ግን 32 ሺ ብር ስንት ወር ሰርቼ እንደማጠራቅም አውቃለሁ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ራይድ የሚሰራ ጎረቤት አለኝ፣ "ከመክፈልሽ በፊት ገርጂ ወስደሽ አስለኪያት" አለኝ። አስለኪያት ያላት ቃል ገረመችኝ። ሄድኩ። ግቢው ያው ቆርቆሮ አጥር ነው፣ በር ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ውስጡ ግን ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ዘይት እንደ ኩሬ አልተኛበትም፣ መፍቻዎቹ ግድግዳ ላይ በመጠናቸው ተሰቅለዋል። ባለቤቱ (ሰራተኞቹ ማስተር ነው የሚሉት) መጀመሪያ ሞተሩን አልነካም፣ ጠየቀኝ እንጂ። መቼ ነው የሚያፈላው፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳም ላይ፣ ጠዋት ስታስነሺ በማርሚታው (በጭስ መውጫው) ነጭ ጭስ አለ ወይ፣ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር አይተሻል ወይ፣ የምትሞዪው ውሃ የቧንቧ ነው ወይ። የመለስኩትን አንዱ ወጣት ካርድ ላይ እየጻፈ ነው። እኔ ካርድ የማውቀው ክሊኒክ ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ የራዲያተሩን አፍ ከፍቶ ውስጧ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት የመስታወት ቱቦ ደቀነበት። "ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ከሆነ የሞተሩ ጭስ ወደ ውሃው ይገባል፣ ጭሱ በዚህ ሲያልፍ ሰማያዊው ቢጫ ይሆናል፣ አንቺው እዪው" አለኝና ሞተሩን አስነስቶ የጎማዋን ኳስ ይጨምቅ ጀመር። ቆሜ አየሁ፣ አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ፣ ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። እንባዬ መጣ ብላችሁ አታምኑኝም። ከዛ የራዲያተሩን ክዳን ጌጅ ያላት የእጅ ፓምፕ ላይ ገጠመው። ክዳኑ ላይ 1.1 ተጽፏል፣ እስከዛ ግፊት መያዝ አለበት ማለት ነው። ሲነፋው መርፌዋ 0.3 ላይ እንኳን አልቆም አለች፣ ስስስ እያለ ይተነፍሳል። ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል።

ቀጥሎ ያስረዳኝን እስከዛሬ ለሰው ሁሉ አወራዋለሁ። አዲስ አበባ ከፍታችን 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው፣ ንፍሮ እዚህ ከቆላው ይልቅ ጊዜ የሚፈጅብን ለዚህ ነው። ሞተር ደሞ በጤናውም 90 አካባቢ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ምንም ያልታመመ ሞተር ውሃውን ያፈላዋል፣ እንጦጦ ላይ ደሞ ከፍታው ስለሚጨምር ይብሳል። ክዳኑ ጤነኛ ሲሆን ግን ውሃው 115 ዲግሪም ደርሶ አይፈላም። ድሬዳዋ ብነዳት ኖሮ ይሄ ክዳን እስካሁን ዝም ይል ነበር ማለት ነው። ከመኪናው ሁሉ ርካሿ እቃ ሞተር ልታስወርደኝ ነበር!

ክዳን 900፣ ኩላንት 1,200፣ ምርመራና የእጅ 700፣ በድምሩ 2,800 ብር ከፈልኩ። የቧንቧ ውሃ ስሞላ ስለከረምኩ ራዲያተሩን ሲያጥቡት ቡኒ ዝገት አተላ መስሎ ነው የወረደው። አሮጌውን ክዳን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ እስካሁን የመኪናው ኪስ ውስጥ አለ።

አሁን ጋራዡ እንዴት እንደሚሰራ ልምጣ፣ እኔን ደንበኛ አድርጎ ያስቀረኝ እሱ ነው። መኪና ሲገባ ካርድ ይወጣል፣ ኪሎሜትሩ ይጻፋል፣ ያለሽው ችግር በራስሽ አባባል ይጻፋል፣ ምርመራው ሲያልቅ ዋጋ ተጽፎ በቴሌግራም ይላካል፣ እሺ ካላልሽ ቡሎን አይፈታም። ስራ መሃል ሌላ ነገር ከተገኘ ፎቶ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የፊት ፍሬን ሸራ ላስቀይር ሰጥቼ ቢሮ እያለሁ የአሞርዛቶሩ (የመኪናዋን ንጠት የሚያበርደው እቃ) ዘይት ወርዶ ጎማው ላይ ሲፈስ የሚያሳይ ቪድዮ ላኩልኝ፣ ከስሩ "አሁን ካልተመቸሽ ሁለት ወር ይታገሳል፣ ፍሬኑ ግን አይታገስም" ብለው ጽፈዋል። እንደዚህ ብሎ የለየልኝ ጋራዥ አላጋጠመኝም፣ ሁልጊዜ የሚባለው ሁሉም ዛሬ ካልሆነ ነው።

እቃ ራስሽ ገዝተሽ መምጣት ትችያለሽ፣ ካልሆነ እነሱ ሶማሌ ተራ ሄደው ይገዙና ደረሰኙን ያመጣሉ። እዚህ ላይ ማስተርን አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ኮሚሽን ስለሚባለው ነገር ጠየቅኩት፣ ምክንያቱም መካኒክ ከእቃ ሻጭ ድርሻ እንደሚቀበል ሁላችንም እንሰማለን። አልሸሸገኝም። እሱም ተቀጥሮ ሲሰራ ይቀበል እንደነበር፣ ደሞዙ ለቤት ኪራይ ስለማይበቃ ሰው ሁሉ እዛ ላይ ተስፋ እንደሚያደርግ ነገረኝ። የራሱን ሲከፍት ያደረገው ምንድነው፣ ለሰራተኞቹ ደሞዝ ላይ ከእጅ ዋጋው ፐርሰንት ጨመረላቸው፣ ከእቃ ግን አምስት ሳንቲም የተቀበለ ይወጣል። "መካኒኩ ከእቃ የሚበላ ከሆነ ያልተበላሸ እቃ ማስቀየር ይጀምራል፣ በእጁ የሚበላ ከሆነ ግን በደንብ መስራት ይጠቅመዋል" አለኝ። ተመልሶ የመጣ ስራ ሶስት ወር ድረስ በነጻ ነው፣ ሲመለስ ደሞ የሰራው ልጅ ራሱ ነው ያለ ክፍያ የሚደግመው። እኔ የንግድ ሰው አይደለሁም ግን የዚህ ቤት ማደግ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ማደጉ ደሞ ቀስ ብሎ ነው። ሲጀምር ሁለት ሰው፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ ጉድጓድ ነበር፣ ዛሬ ሶስት ሊፍት አለው፣ ሞተሪስት፣ ኤሌክትሪሽያን፣ የእግር ስራ (ከጎማው ጋ የተያያዘውን የስር ክፍል) ብቻ የሚሰራ ሰው፣ ከቴክኒክና ሙያ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች። ተለማማጅ ፍሬን ይፈታል እንጂ ብቻውን ገጥሞ አያስወጣም፣ አንድ ነባር ሰው ቡሎኖቹን በመለኪያ መፍቻ ድጋሚ አጥብቆ ካርዱ ላይ ይፈርማል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰው አላስቀይምም ብሎ አስራ አራት መኪና ባንዴ ተቀብሎ ግማሹን አስፋልት ዳር አቁሞ ወር የከረመበት መኪና እንደነበርና ጥሩ ጥሩ ደንበኞቹን በዛ እንዳጣ ነግሮኛል። አሁን ያልወጣ መኪና ቆጥሮ ነው አዲስ የሚያስገባው። ስሙን ልጽፍ ስለው "በእናትሽ ተይ፣ ሌላ ሰው ሳልጨምር ሃምሳ መኪና ብትልኪብኝ የነበሩትንም አበላሻለሁ" አለኝ። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

የኪራዩ ነገር ግን ያሳዝናል። ቦታው የሰው ነው፣ ሊፍት ደሞ ሲሚንቶ ላይ በቡሎን የሚታሰር እቃ ነው፣ ተነስ ቢባል ወለሉንም ትቶ ነው የሚሄደው። አከራዩ ይሄን ስለሚያውቅ ውል በታደሰ ቁጥር ይጨምራል። ጥሩ የሚሰራ ሰው ቦታ አጥቶ ሲንገላታ ማየት ያናድዳል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ርካሽ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ዛፍ ስር ከሚሰራው የእጅ ዋጋቸው ይበልጣል። የእቃው ዋጋ ግን የነሱ ጥፋት አይደለም፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ ወዲህ ሁሉም ነገር ሽቅብ ነው፣ ያኔ 900 ብር የገዛሁትን ክዳን በቅርቡ ለእህቴ መኪና 2,200 ገዛሁት። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ደሞ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት ስላደረገው ያለንን መጠገን ነው አማራጫችን፣ ስለዚህ ጥሩ ጋራዥ ማግኘት የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። የምመክራችሁ ነገር ቢኖር ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አሳዩአቸው፣ ፍሬን፣ ቴስቲኒ (የመሪው መገጣጠሚያ)፣ መብራት፣ ጭስ ያያሉ፣ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ግን ቦታ የለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ ሲነገር ብዙ ጋራዥ ደንግጦ ነበር፣ ምክንያቱም የጋራዥ የቀን እንጀራው ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ነው፣ እነዚህ መኪኖች ደሞ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ማስተር ሁለት ልጆች ስልጠና ልኳል፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ ጓንቶቹንም አሳይቶኛል። ባትሪው ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ መጀመሪያ ከፍተኛው ቮልቴጅ ይቋረጣል፣ ደቂቃዎች ይጠበቃል፣ በሜትር ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ሲታይ ነው እጅ የሚገባው። ትልቁን ባትሪ ግን አይከፍትም፣ "እሱን አላውቅበትም" ብሎ ሲመልስ ሰምቻለሁ። የአይዲ ፎርና የቢዋይዲ ፍሬን፣ የእግር ስራ፣ ትንሿን ባትሪ፣ ኩላንት ይሰራል። መኪኖቹ ከባድ ስለሆኑ በኛ መንገድ እግራቸው ቶሎ ስራ ያመጣል ባይ ነው።

ያልጣመኝ ደሞ አለ። ስልክ አያነሱም፣ አምስት ጊዜ ደውዬ በመጨረሻ ራሴ የሄድኩበት ቀን አለ። ቅዳሜ ከሄድሽ ሰዓትሽን መርቂላቸው። ለደንበኛ መቀመጫ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ሽንት ቤቱ ለሴት አይመችም፣ ይሄን በግልጽ ነግሬዋለሁ፣ ይስተካከላል ብሏል፣ እስካሁን ግን ያው ነው። ቀጠቃና ቀለም እነሱ ጋ የለም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚልኩት፣ እዛ ፓራውልቴን (ባምፐሩን) ሲቀቡት ከለሩ ከበሩ ጋ አልገጠመም፣ ማስተር ራሱ ወስዶ በነሱ ወጪ አስደግሞልኛል ግን አራት ቀን ያለ መኪና ቀረሁ። አንዴ ደሞ ዘይት ቀይረው ከስር ያለውን መሸፈኛ አንዷን ክሊፕ ሳያስሩ ለቀውኝ ቀለበት መንገድ ላይ ሲንቋቋ ልቤ ነው የወደቀው። ስመለስ ያሰረው ልጅ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ካርዱ ላይም ጻፉት። ተጽፎ ማየቴ ንዴቴን አበረደው።

እናቴ አንድ ቀን አብራኝ መጥታ ነበር፣ ወንበር አምጥተው ጥላ ስር አስቀመጧት፣ ወጣቱ መካኒክ የተፈታውን የፍሬን ሸራ አዲሱን ከጎኑ አድርጎ "እማማ ይዩ፣ ይሄ እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ አልቋል" ብሎ አሳያት። ሸራው ብረቱ ሊደርስ የእንጀራ ውፍረት እንኳን አልቀረውም። መንገዱን ሙሉ ስትመርቀው ነው የሄድነው፣ እሷ መኪና ነድታ አታውቅም ግን ገባት።

ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር በላይ ስነዳ የፊት ግራ ጎማ በኩል ኡኡ የሚል ድምፅ መጥቷል፣ ማስተር በስልክ (ለካ አንዳንዴ ያነሳል) "ኩሽኔታ ይመስላል፣ ግን ሳላነሳት እቃ እንዳትገዢ" ብሎኛል (ኩሽኔታ ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ ነው)። ከተቀየረ አሮጌውን በፌስታል ተቀብዬ ዋጋውንም እዚሁ እጨምርላችኋለሁ።