ዶርዶኝ ወይስ ሎት? የፈረንሳይ የሳይክል ጉዞ ለመግዛት ላሰባችሁ

ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይን በሳይክል ልያት ብላችሁ የአስጎብኚዎቹን ገጽ ስትከፍቱ ሁሉም "የወንዝ ሸለቆ ጉዞ" እያለ ነው የሚሸጥላችሁ። ፎቶውም ያው አንድ ነው፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ግንብ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ላብ ሳይነካቸው እየሳቁ ፔዳል ሲመቱ። ወንዝ ዳር ስለተባለ ሜዳ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ወንዙ ዳርማ ሜዳ ነው፣ ግን የድሮ ሰዎች መንደራቸውን የሰሩት ጠላት ከሩቅ እንዲታያቸው አፋፍ አፋፉ ላይ ነው፣ ስለዚህ ማየት የምትፈልጉት ነገር፣ ቡና የምትጠጡበት ቦታ፣ አንዳንዴም የምትተኙበት አልጋ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የሚጠብቃችሁ። ዳገት ጭራሽ አልወድም የምትሉ ሎዋር የሚባለው ወንዝ ሸለቆ ሂዱ፣ እዛ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ምልክት የተደረገበት የሳይክል መንገድ አለ፣ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፣ ይሄን ጽሁፍም እዚሁ ጋ ማቆም ትችላላችሁ።

እኔ ሁለቱንም ወንዞች፣ ዶርዶኝንም ሎትንም፣ ተከትዬ ሄጃለሁ። ዶርዶኝን ከባለቤቴ ጋር ነው፣ ፓኬጅ ገዝተን፣ ሆቴሉ ቀድሞ ተይዞ፣ ሻንጣችን በመኪና ከአንዱ ሆቴል ወደሌላው እየተጫነልን፣ እኛ በኪራይ ኤሌክትሪክ ሳይክል። ሎትን ደሞ ብቻዬን በገዛ ሳይክሌ፣ እቃዬን ግራና ቀኝ ቦርሳ ላይ ጭኜ። ስለዚህ ንጽጽሩ ትንሽ ፍትሃዊ ላይሆን ይችላል፣ አንዱን በድሎት አንዱን በላብ ነው ያየሁት፣ ግን የሚገርመው በላብ ያየሁትን ነው የወደድኩት።

ዶርዶኝ 483 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወንዝ ነው፣ ከመሀል ፈረንሳይ ተራራ ተነስቶ ቦርዶ አካባቢ ከጋሮን ጋር ይገናኛል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ግን መሀሉን ነው፣ ከሱያክ እስከ ቤርዠራክ ያለውን፣ በተለይ ሳርላ የምትባለውን ከተማ ዙሪያ። እዛ ግንቦቹ ተደራርበው ነው ያሉት። ቤናክና ካስቴልኖ ወንዙን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ተፋጠዋል፣ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ አንዱን ፈረንሳይ አንዱን እንግሊዝ ይዘውት ነበር፣ አሁንም ስታዩዋቸው የተኳረፉ ጎረቤታሞች ነው የሚመስሉት። ዶም፣ ላ ሮክ ጋዣክ፣ ካስቴልኖ፣ ቤናክ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ሳትቸኩሉ ታዳርሳላችሁ፣ ትንሽ እልፍ ስትሉ ደሞ ጆሴፊን ቤከር የኖረችበት ሚላንድ የሚባለው ግንብ አለ፣ አዎ፣ በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፈረንሳይ ታላላቆቿን የምታከብርበት ፓንቴዮን የገባችው ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ፣ አስራ ሁለት የማደጎ ልጆቿን ያሳደገችበት። እኔ ከግንቦቹ ሁሉ እሱ ጋ ነው ብዙ የቆየሁት።

ለጀማሪ ዶርዶኝ የሚመችበት ሌላው ነገር ከሳርላ ወደ ሱያክ በሚወስደው በኩል የድሮ የባቡር ሀዲድ ተነቅሎ የሳይክል መንገድ ተሰርቷል፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ባቡር ይሄድበት ስለነበር ዳገቱ አይታወቃችሁም፣ መኪና የለም፣ ህጻን ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እዛ ላይ ተለማመዱ። ሳይክል አከራይ፣ ጠጋኝ፣ ሻንጣ አመላላሽ እንደልብ ነው፣ ብልሽት ቢመጣ ሰው ታገኛላችሁ።

ታገኛላችሁ ስል ግን ሰዓቱን አይታችሁ። እኔን ዶም ስር የገጠመኝን ልንገራችሁ። ዶም በ1281 የተቆረቆረች ምሽግ ከተማ ናት፣ ከወንዙ 150 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ገደል ላይ ተቀምጣለች። ጠዋቱን ሙሉ ልጅ እንደሆነ ሰው የሳይክሉን ሞተር መጨረሻ ኃይል ላይ አድርጌ ስፈነጭ ነው የዋልኩት፣ ባለቤቴ ተው እያለችኝ። ዳገቱ ስር ስንደርስ ባትሪው ሁለት መስመር ያሳያል፣ ይበቃል አልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለቱም መስመር በአንዴ ጠፋ። ኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪው ሲሞት ምን እንደሚሆን ካላያችሁ፣ 25 ኪሎ ብረት ነው በቃ፣ ፔዳሉ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፣ በክፍት ጫማ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ እግሬ ጫማው ውስጥ በላብ እየተንሸራተተ። አከራዩ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ሰዓቱን አየሁት፣ ከቀኑ ሰባት ከሩብ። ፈረንሳይ ገጠር ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ነው፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ስልክ አይነሳም፣ ዓለም ብትገለበጥ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሰው ሲደውሉ ባትሪው ያረጀ እንደነበር አመኑ፣ ቅናሽ ግን አላደረጉልኝም። ባለቤቴ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሆና አይስክሬም ይዛ ነው የጠበቀችኝ፣ የራሷን ጨርሳ የኔን እየቀመሰች።

የዶርዶኝ ጉዳቱ እንግዲህ ሰው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ዲ703 የሚባለው መንገድ ጠባብ ሆኖ ቤት የሚያህሉ የካምፕ መኪኖች ይርመሰመሱበታል፣ ክርናችሁን ታክከው ነው የሚያልፉት። ሳርላ ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ቆንጆ ገበያ ነው፣ ግን ሳይክል ይዛችሁ መሀሉ አትግቡ። ዋጋውም ከሰዉ ጋር አብሮ ይወጣል።

ወደ ሎት ስትመጡ ነገሩ ሌላ ነው። ርዝመቱ ከዶርዶኝ ጋር ይቀራረባል፣ ሸለቆው ግን ጠበብ ይላል፣ ወንዙ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፣ ግራና ቀኝ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ሰው ደሞ ጥቂት። የጉዞው መነሻ ካኦር ነው፣ ሶስት ግንብ ያለው ቫላንትሬ የሚባለው ድልድይ ያለባት ከተማ፣ ድልድዩን መስራት የጀመሩት በ1308 ነው። ከካኦር ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ የወይን አገር ነው፣ ጥቁር የሚመስለው የካኦር ወይን፣ ቢያንስ 70 በመቶው ማልቤክ የሚባለው ወይን መሆን አለበት በህግ፣ መንገዱም ለስለስ ያለ ነው፣ እስከ ጋሮን ድረስ ምልክት የተደረገበት የሳይክል መስመር አለ። ከካኦር ወደ ምስራቅ ከሄዳችሁ ገደሉ ነው፣ እኔ የምላችሁ ሎት እሱ ነው።

እዛ ላይ ሴን ሲር ላፖፒ የምትባል መንደር አለች፣ ከወንዙ 100 ሜትር ከፍ ብላ የተሰቀለች፣ በ2012 የፈረንሳዮች ተወዳጅ መንደር ተብላ የተመረጠች። ቱሪስቱ እሷ ላይ ብቻ ነው የሚከመረው፣ ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውጡ፣ እኔ ስደርስ ዳቦ ቤቱና አንድ ድመት ብቻ ነበሩ። ከዛ ወርዳችሁ ሴሌ የምትባለውን ትንሿን ወንዝ ተከትላችሁ እስከ ፊዣክ ሂዱ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በህይወቴ ፔዳል ከመታሁባቸው መንገዶች አንደኛው እሱ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስድስት መኪና ነው የቆጠርኩት፣ አንዱ ትራክተር ነበር።

ዋሻ ለሚወድ ሰውም ልዩነት አለ። ዶርዶኝ በኩል፣ ሞንቲኛክ ጋ፣ ስሙ የገነነው ላስኮ የሚባለው የጥንት ሰዎች ስዕል ያለበት ዋሻ ነው፣ ግን የምታዩት ቅጂውን ነው፣ እውነተኛው ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ በ2016 የተከፈተው አዲሱ ቅጂ በጣም ጎበዝ ስራ ነው፣ ቢሆንም ቅጂ ነው። ሎት በኩል ካብሬሬ ያለው ፔሽ ሜርል ግን እውነተኛው ነው፣ እዛው ግድግዳ ፊት ትቆማላችሁ፣ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ፈረሶችና የሰው እጅ ምልክት፣ ወደ 29 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው። በቀን 700 ሰው ብቻ ስለሚያስገቡ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ውስጡ 12 ዲግሪ ነው፣ በላብ የራሰ ማልያ ለብሳችሁ ከገባችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ እኔ ተንቀጥቅጫለሁ።

ፊዣክ ደሞ ሂሮግሊፍ የሚባለውን የጥንት ግብጽ ጽሁፍ በ1822 የፈታው የሻምፖሊዮን የትውልድ ከተማ ናት። የፈታበት ትልቁ ቁልፍ ቅብጥኛ ማወቁ ነው፣ የግብጽ ቤተክርስቲያን ቅዳሴ ቋንቋ፣ ሙዚየሙ ውስጥ ይሄን ሳነብ ትንሽ የራሴ ጉዳይ መስሎ ተሰማኝ። ደጁ ላይ ጽሁፉን ለመፍታት የረዳው የሮዜታ ድንጋይ በግዙፉ ተሰርቶ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ሰው ይራመድበታል።

አሁን ወደ ዳገቱ። ዶርዶኝ ዳገቱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ታምጣላችሁ፣ ጫፍ ላይ ካፌ አለ፣ አለቀ። ሎት ወንዙን ካልለቀቃችሁ ከዶርዶኝም ይቀላል፣ ከሸለቆው ወጥታችሁ ኮስ የሚሉት የድንጋይ አምባ ላይ ከወጣችሁ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ጥላ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ውሃ የለም፣ ዝቅ ያለ የኦክ ዛፍና በግ ብቻ። አንድ ቀን 46 ኪሎ ሜትር ሄጄ ስልኬ 820 ሜትር ወጥተሃል አለኝ። ውሃ ካለቀባችሁ መቃብር ቦታ ፈልጉ፣ አልቀልድም፣ የፈረንሳይ ገጠር መቃብር አብዛኛው ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው፣ "አይጠጣም" የሚል ካልተጻፈበት ሰው ይቀዳበታል። እንጦጦን በሳይክል ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ትንፋሹ እዚህ አያስቸግረውም፣ ከባህር ጠለል 100፣ ቢበዛ 400 ሜትር ላይ ናችሁ፣ የሚያልቀው ጉልበት ነው።

ብር የት ላይ እናውጣ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ለሻንጣው ክፈሉ፣ ከተረፈ ለሞተሩ። ሎት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀናት 14 ኪሎ እቃ ጭኜ ነው የወጣሁት፣ አራተኛው ቀን ያደርኩበት ቤት ባለቤት እቃዬን ወደቀጣዩ ማደሪያ እንዲወስድልኝ ከፈልኩት፣ ያው ሳይክል፣ ያው ዳገት፣ ያው እግር፣ ግን እያፏጨሁ ወጣሁት። ኤሌክትሪክ የግድ የሚሆነው ሁለት ሆናችሁ ጉልበታችሁ ካልተመጣጠነ ነው፣ ያኔ ለደካማው ብቻ ተከራዩ፣ ለሁለታችሁም አይደለም፣ ትዳር ያድናል። ስትከራዩ ባትሪው ስንት ዋት አወር ነው (የሚይዘው ኃይል ልክ ነው) ብላችሁ ጠይቁ፣ ለዚህ አገር ከ500 በታች አትቀበሉ፣ ቻርጀሩን ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ጎማ ቢተነፍስ ማን ይመጣል በስንት ሰዓት የሚለውንም ጠይቁ (ምሳ ሰዓትን ጨምሮ!)። የራሳችሁን ኤሌክትሪክ ሳይክል በአውሮፕላን አመጣለሁ ብላችሁ አታስቡ፣ ከ160 ዋት አወር በላይ የሆነ ባትሪ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ የሳይክሉ ደሞ ከዛ እጥፍ በላይ ነው። ያለሞተር ከሆነ፣ በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ የፊቱ ጥርስ ቁጥር ከኋላው እንዳይበልጥ፣ ከበለጠ ለጉልበታችሁ አዝናለሁ።

ለጿሚ ሰው ሁለቱም ከባድ ነው። አገሩ የዳክዬ ስብ አገር ነው፣ ድንቹ እንኳ የሚጠበሰው በሱ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ የነሱ ቀን አቆጣጠር ኦገስት 7 ነው፣ የቱሪስቱ ጫፍ ላይ፣ እኔ ከገበያ ቲማቲም፣ ዳቦና ዋልነት እየገዛሁ፣ ማታ ደሞ ከቤት በፌስታል ባመጣሁት ሽሮ ነው የወጣሁት። እሁድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ሸምቱ። ከፍልሰታ ውጪ ያለ ወር መምረጥ ከቻላችሁ ግንቦት፣ ወይም መስከረም፣ ሙቀቱም ይሻላል።

እንግዲህ የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ወይ ሳይክል ከማይወድ ሰው ጋር ከሆናችሁ፣ ዶርዶኝን በፓኬጅ ግዙ፣ ለሰባት ቀን እኛ ለአንድ ሰው ከ1,000 ዩሮ ትንሽ በላይ ነው የወጣብን፣ አላዘንኩበትም። ከዚህ በፊት ሁለት ሶስት ቀን ተከታታይ ነድታችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ሎትን በራሳችሁ ሂዱ፣ የዛን ግማሽ አላወጣሁም። መሀል መቁረጥም ይቻላል፣ ሱያክና ካኦር ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ በሚነሳው አንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው፣ ሶስት ቀን ዶርዶኝ፣ ከዛ በባቡር ወርዶ አራት ቀን ሎት። ካኦር ድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ለሳይክሉ 10 ዩሮ ይከፈላል፣ ፈታታችሁ 130 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ ውስጥ ካስገባችሁት ግን በነጻ ነው። የሳይክል ቦታው በጣም ጥቂት ነው፣ የራሳችሁን ትኬት ስትቆርጡ አብራችሁ ቁረጡት፣ በኋላ እጨምራለሁ ካላችሁ ያልቅባችኋል።